ሁለት በግ ሊያስቀረው የነበረው ምሳ

ተፈቀደ! ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ስንጠብቀው የነበረው ነገር ዛሬ ጠዋት ተፈቀደ! ከደብረ ብርሃን የመጣው የጭነት መኪና ሹፌር ገና ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ተፈቅዶላችኋል!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤላ በእልልታ ተናጋች። ሴቶቹ ዝናቡን ከምንም ሳይቆጥሩ ጭቃው ላይ ተቃቀፉ። አንዷማ ልትሸጠው ያመጣችውን አውራ ዶሮ ለቃው ሮጠች፤ ዶሮው እስካሁን አልተያዘም።

«ምኑ ነው የተፈቀደው? ለማን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ደስታ ሰውን ያንቀለቅላል፤ ነገሩ ከመጨረሻው ተጀመረ። የተፈቀደው ምሳ ነው። የተፈቀደላቸውም እዚህ አንኮበር፣ በጎረቤላ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ ልጆች ናቸው። ያስፈቀደችው ደግሞ ለተጊዮርጊስ ናት፤ ስለዚህ ከእሷ መጀመር ይሻላል።

ለተጊዮርጊስ አርባውን አልፋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱፍ እየፈተለች፣ ፈትሉን ባና ብርድ ልብስ ለሚሠሩት እየሸጠች ሁለት ሴቶች ልጆቿን አሳድጋ ድራለች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ስትጽፍ ምላሷን እንደ ልጅ ከንፈሯ ላይ ታወጣለች። ሰዎች ይስቁባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። የሴቶች ማኅበሩ መዋዕለ ሕፃናት ልክፈት ብሎ ማን ይምራው የተባለ ዕለት፣ ከስብሰባው መሀል አንድ ሕፃን ምርር ብሎ ያለቅስ ነበር። ሁሉም «ዝም አሰኚው! አውጪው!» እያለ እናቲቱ ላይ ሲጮህ፣ ለተጊዮርጊስ ብድግ ብላ ልጁን ተቀብላ ወጣች። ስትመለስ ልጁ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው የጠቆመ አልነበረም።

ቤቱ «ትርፍ ቤት» ተብሎ የተወረሰ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን በጭቃ መረጉት፣ ወለሉ ላይ ሰሌን ዘረጉ፣ ልጆቹም ገቡ። እናቶቻቸው ማገዶ የሚሸከሙ፣ በሰው ማሳ በቀን ሥራ የሚውሉ፣ ከአልዩ አምባ ቆላ በርበሬ እያወጡ የሚነግዱ ናቸው። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አንድ ሰሌን ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ልጅ የሚውለው ወይ እናቱ ጀርባ ላይ ነበር፣ ወይ ቤት ተቆልፎበት። ከላይ ሰፈር አንዲት ልጅ በተቆለፈ ቤት ውስጥ እሳት ላይ ወድቃ እጇን ከተቃጠለች ወዲህ ነው ማኅበሩ የተነሣው። የልጆቹ ቤት ተዘጋ ማለት እንግዲህ፣ የየቤቱ በር እንደገና በልጅ ላይ ይቆለፋል ማለት ነው። ለተጊዮርጊስ ሌላ ሁሉ ቢጠፋት ይህ አይጠፋትም።

ምሳውን የምትሠራው ዙቤዳ ናት። ዙቤዳ ከአልዩ አምባ ተድራ የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇም የፈጠነ ወጣት ሴት ናት። እናቶቹ ጠዋት ጠዋት እፍኝ እፍኝ ዱቄት ይዘው ይመጡላታል፤ እሷም ከዚያው ቂጣ ትጋግራለች፣ ሽሮ ታንተከትካለች። ሥጋ የሚባል ነገር ያ ድስት አይቶ አያውቅም። ድህነቱ አለ፤ ከድህነቱም ሌላ፣ ክርስቲያን ያረደውን የሙስሊም ልጅ አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም የክርስቲያን ልጅ አይበላም። ሽሮ ግን ማንንም አይለይም።

እፍኙ እየዋለ እያደረ ሳሳ። ፋሲካ ካለፈ በኋላማ ዱቄት ይዛ የምትመጣ እናት ብርቅ ሆነች። ባዶ እጃቸውን መምጣት ያሳፈራቸው እናቶችም ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ። ሰሌኑ ላይ ክፍት ቦታ በታየ ቁጥር ለተጊዮርጊስ ልቧ ወደዚያ የተቆለፈ በር ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን ነው የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ጓድ ወልደ ሰንበት፣ ወሬ ይዘው ከች ያሉት።

«ኢትዮጵያ ትቅደም!» አሉ ገና ከደጅ፣ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «ምሥራች! መንግሥት የድሃ ልጆችን ለሚያውሉ ቤቶች የምግብ ወጪ ሊተካ ነው!»

«እህል ሊሰጠን ነው?» አለች ለተጊዮርጊስ።

«ሊተካ ነው አልኩሽ እኮ። መጀመሪያ እናንተ ታበላላችሁ። ከዚያ ያበላችሁትን ታመለክታላችሁ። ይመረመርና ያወጣችሁት ይመለስላችኋል።»

ዙቤዳ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «ጋሼ ወልደ ሰንበት፣ የምናበላው ቢኖረንማ ማመልከቻውን ምን እናደርገው ነበር?»

«አሠራር ነው! አንቺ ወጥሽን አማስዪ!»

«የቱን ወጥ?» ብላ ተመልሳ ገባች።

መላ የተገኘው ከዙቤዳ ወንድም ከዓወል ነው። ዓወል ማሽላና ሽምብራ በአህያ ጭኖ ከቆላ የሚያወጣ ነጋዴ ነው። እህሉን አምጥቶ ደጃፉ ላይ አራገፈና «መንግሥት ሲመልስላችሁ ትመልሱልኛላችሁ» አለ።

«ባይመልስስ?» አለችው ለተጊዮርጊስ።

«ኢንሻአላህ ይመልሳል። ካልመለሰም ይቺ እህቴ አለች አይደል፤ ዕድሜ ልኳን ስትጋግርልኝ ትኖራለች።»

«ወግድ፣ አፈር ብላ!» አለች ዙቤዳ ከውስጥ።

ለተጊዮርጊስ ማመልከቻውን ምላሷን እያወጣች ራሷ ጻፈችው፤ ሊቀ መንበሩ ማኅተም መቱበት፤ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አውራጃው ተላከ። የመጣው መልስ አጭር ነበር። ጓድ ታመነ የሚባል ተቆጣጣሪ በሚመጣው ሐሙስ መጥቶ ልጆቹ የሚበሉትን በዓይኑ ያያል፤ አይቶም ችግር መኖሩን ካረጋገጠ ይፈቀዳል።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ችግራችሁን ሊያይ ሰው ይመጣል ሲባል ሌላ አገር ምን እንደሚያደርጉ እንጃ። እኛ አገር ግን እንግዳ ይመጣል ከተባለ፣ የሚሰማው «ይመጣል» የሚለው ብቻ ነው።

«ከአውራጃ ድረስ ለመጣ ሰው ሽሮ ልናቀርብ ነው?» አሉ ጓድ ወልደ ሰንበት። «ጎረቤላ ሰው የለባትም ሊባል ነው? አንድ በግ ከእኔ!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ለተጊዮርጊስም አጨበጨበች፤ ያውም ከሁሉ ቀድማ። ከዚያ ከወደኋላ አንዲት ሙስሊም እናት «የእኛዎቹ ልጆች ያን ቀን ምን ሊበሉ ነው ታዲያ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ግማሹ ልጅ ሥጋ ሲበላ ግማሹ ሊያይ ነው? ይሄኔ ዓወል ብድግ አለና «ሁለተኛው በግ ከእኔ፤ የማርደውም እኔ» አለ። ጭብጨባው እጥፍ ሆነ።

ሐሙስ ደረሰ። ከሰርግ ቤት ምንጣፍ ተለምኖ መጣና ሰሌኑ ላይ ተነጠፈ። ልጆቹ ከዚህም ከዚያም የተዋሱትን ልብስ ለበሱ፤ አንዷ ትንሽ ልጅ የለበሰችው ቀሚስ ስለሚጎትታት ቆማ ብቻ ዋለች። አንደኛው በግ ወዲህ ታረደ፣ አንደኛው በግ ወዲያ ታረደ። ሁለት ድስት ተጣደ። ጭልፋዎቹ እንዳይሳሳቱ ዙቤዳ በአንደኛው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። በዓለ ኀምሳው ስላላለቀ ጾም የለም፤ የቅቤው ሽታ መንገድ ድረስ ይሸታል።

ጓድ ታመነ መነጽር ያደረገ፣ ካፖርቱ የሰፋው፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። ገብቶ ምንጣፉን አየ። የልጆቹን ልብስ አየ። ጓዳ ገብቶ ሁለቱን ድስት አየ።

«ሁለት ድስት ነው?» አለ።

«አዎን ጓድ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ሁለቱም ሥጋ?»

«ሁለቱም ሥጋ ነው።»

«ለምን ሁለት ሆነ?»

ሊቀ መንበሩ ነገሩን ከሃይማኖት ማያያዝ በዚህ ዘመን ለካድሬ ጆሮ ጥሩ አይመጣም ብለው ፈሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጆቹ እንዲመርጡ ነው ጓድ!» አሉ።

ለተጊዮርጊስ አንድ ነገር ልቧን ሸንቆጥ አደረጋት። እንግዳው ግን ጽፎ ጨርሷል። ወደ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትበሉት?» ሲለው፣ ሊቀ መንበሩ ጠዋት ያስጠኑት ልጅ በአንድ ትንፋሽ «አዎን ጓድ ሁልጊዜ!» አለ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። እንግዳው እስከ መኪናው በእልልታ ተሸኘ። ማታውኑ ምንጣፉ ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ቀሚሱም ለባለቤቷ።

ሰኔ ሲገባ ውሳኔው መጣ። ሊቀ መንበሩ ልጆቹ ፊት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ የጎረቤላ መዋዕለ ሕፃናት ለሕፃናቱ የሥጋ ምግብ በምርጫ የሚያቀርብ፣ ራሱን የቻለ፣ ለሌሎች ቀበሌዎች አርአያ የሚሆን ስለሆነ የወጪ መተኪያ አያስፈልገውም ይላል። ከሥሩም የምስጋና ወረቀት አለ።

«አርአያ!» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «በአውራጃው ውስጥ አርአያ ተባልን!»

«አርአያ ሲቀቀል ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» አለች ዙቤዳ።

የሳቀ አልነበረም። ሊቀ መንበሩም ቀስ በቀስ ገባቸውና ወረቀቱን አጠፉት። የዓወል ጆንያ እያለቀ ነው። ዕዳውም እንዳለ ነው። በዚያው ሳምንት ሰሌኑ ላይ ሌላ ክፍት ቦታ ታየ።

«ደብረ ብርሃን ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዋሸናችሁ ብለሽ? አሻጥር ቢሉትስ? አሻጥር ምን እንደሚያስከትል አታውቂም? ደግሞስ ውርደቱ! የተዋስነውን ልብስ ልትቆጥሪላቸው ነው?»

«ከጠየቁኝ እቆጥራለሁ።»

«ለተጊዮርጊስ፣ ተይ! የሰው ገመና ነው።»

«ጋሼ፣ ገመናችንን ሸፍነን ልጆቹን ልንገልጣቸው ነው?» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። 

በማግስቱ ገብስ በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጣ በጉም ውስጥ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። የዚያ ሜዳ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ፣ ጠባቂው «ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው» ባላት ቁጥር «ይሁን» እያለች ስትጠብቅ ዋለች። በመጨረሻ ገባች። ጓድ ታመነ አወቃት፤ ፊቱም ፈካ።

«የጎረቤላዋ! ያ ምሳ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።»

ለተጊዮርጊስ እንደቆመች «ጓድ፣ ያ ምሳ የልጆቹ አልነበረም» አለች።

«የማን ነበር?»

«የእርስዎ። ለእርስዎ የተሠራ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። «በጎቹስ?»

«አንዱ የሊቀ መንበሩ ነው፣ አንዱ የነጋዴው። ሁለት የሆነውም ለምርጫ አይደለም፤ የሙስሊም ልጆች ስላሉን ነው።»

«ልብሱስ?»

«የጎረቤት።»

«ምንጣፉ?»

«የሰርግ ቤት።»

«እንግዲያ የእናንተ የሆነ ምን አየሁ?»

ለተጊዮርጊስ አሰበች። «ሰሌናችንን ሊያዩት ነበር፤ ምንጣፉ ሸፈነው።»

ሰውየው አልሳቀም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ይጠቀጥቅ ጀመር። «ይህ እኮ መንግሥትን ማታለል ነው። በዚህ ሰው እንደሚጠየቅ ያውቃሉ?»

 ልትወጣ አሰበች፤ ግን እጇ የተቃጠለው ልጅ ትዝ አለቻትና እግሯ አልነቃነቅ አለ። «ጓድ፣ ይጠየቃል ካሉ እኔን ይጠይቁ። ግን መንግሥትን አላሰብነውም፤ እንግዳ ነው ያሰብነው። እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?»

«መዘዞ ነው የተወለድኩት።»

«መዘዞ እናትዎ ቤት ከአውራጃ ሰው ይመጣል ቢባል እናትዎ ምን ያቀርቡ ነበር? የሚበሉትን?»

ጓድ ታመነ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ባፍንጫው ሳቅ አለ። «አንድ ጊዜ አባቴን ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ብላ የጎረቤት ዶሮ ተበደረች። ያን ዶሮ ለመተካት ስንት ወር እንቁላል የሚባል እንዳልቀመስን ...» ነገሩን ሳይጨርስ ተወውና መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እኔ ግን ሪፖርቴን በወሬ አልለውጥም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። የምለውጠውም በዓይኔ ካየሁ ብቻ ነው።»

«ይምጡና ይዩ።»

«መቼ እንደምመጣ ግን አልነግርዎትም።»

«እንዳይነግሩኝ!» አለች ለተጊዮርጊስ ደንግጣ። «እባክዎ፣ ለማንም እንዳይነግሩ!»

ወደ ቤት ስትመለስ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ለካ ከባዱ ገና ነው! መኪና ጉርር ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ይነሣል። አንዷ ምንጣፍ ተሸክማ ትመጣለች፣ አንዷ ነጠላዋ ሥር እንጀራ ደብቃ ከች ትላለች። ለተጊዮርጊስ በር ላይ ቆማ ትመልሳለች።

«እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ለዓይን ያህል ብቻ!»

«ለዓይን ያህል ነው ያጠፋን። መልሽው።»

ዙቤዳ ሳትቀር አንድ ቀን ወጡ ላይ ዘይት ስታንጠባጥብ ተያዘች። «ጠብታ እኮ ናት፣ እትዬ! አፈር አፈር ይላል፤ እኔ እኮ ሙያ ያለኝ ሴት ነኝ!» አለች እንባዋ እየመጣ።

«ሙያሽን መንግሥት ሲከፍል ታሳዪናለሽ።»

 በሊቀ መንበሩ ጓሮ ደግሞ አንድ ሙክት በግ ታስሮ ሲቀለብ ይታያል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ለእንቁጣጣሽ ነው» ይላሉ፤ ፊታቸውን ግን ያዞራሉ።

ጓድ ታመነ የመጣው በሐምሌ ነው፤ መኪና ይመጣል ብሎ ማንም ባላሰበበት፣ ጉሙ የእጅን መዳፍ በማያሳይበት ቀን። መኪናው ከከተማው በታች ጭቃ ውጦት ቀርቶ ስለነበር የሞተር ድምፅ የሰማ የለም። ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ተለውሶ፣ መነጽሩ በጉም ተሸፍኖ፣ ከበሩ ላይ ቆመ። ለተጊዮርጊስ ያን ጊዜ ቂጣ እየቆረሰች ለልጆቹ ታድላለች። ሽሮው ቀጭን ነው፤ የሳህኑ ወለል ይታይበታል።

«እንዴት ዋላችሁ» አለ።

ቀና ስትል አየችው። የመጀመሪያ ሐሳቧ፣ እንደ ማንኛዋም የሸዋ ሴት፣ «በሞትኩት፣ ምን ላቅርብለት?» የሚል ነበር። ዙቤዳ ከጓዳ ወጥታ ጆሮዋ ሥር «የእኔን ድርሻ ልስጠው፤ እኔ አልራበኝም» አለቻት። ሰው በዝናብ፣ በእግሩ፣ በጭቃ መጥቶ በርህ ላይ ቆሟል። ቂጣው እጇ ላይ ነው። ብትሰጠው ማን ይፈርድባታል? ግን አንዱ ልጅ ሊጎድልበት ነው፤ እንግዳውም ሙሉ ቂጣ በልቶ «ይበቃቸዋል» ብሎ ሊሄድ ነው።

ፊቷ ጋለ። ጆሮዋ ጭምር ጋለ።

«እንኳን ደህና መጡ ጓድ» አለች። «ይቀመጡ። ለእርስዎ የሚሆን ግን የለንም። ያለው ለልጆቹም አልበቃቸው።»

ዙቤዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ለተጊዮርጊስ ይህን ቃል በቤቷ፣ ባሏ በሞተ ጊዜ እንኳን፣ ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ጓድ ታመነም በሕይወቱ የተባለው አይመስልም። ከዚያ ሄዶ ሰሌኑ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። ልጅቷ አሲያ የምትባል የሙስሊም ልጅ ናት። እናቷ እንዳስተማረቻት ቂጣዋን ዘረጋችና «እንብላ» አለችው።

«ብዪ፣ ይባርክልሽ» አላት።

አሲያ ተመስገን ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቂጣውን በአንድ ጊዜ አፏ ውስጥ ከተተችው። ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ተነሥቶ ድስቱን ከፍቶ አየ። አንድ ድስት ነው። ጆንያውን በእጁ ዳበሰ፤ ከሥሩ ነው ያለው። ከዚያ ሰሌኑን አየ።

«እዚህና እዚህ የነበሩት ልጆች የት ሄዱ?»

«ቤት ናቸው» አለች ለተጊዮርጊስ። «ዱቄት ማምጣት ያልቻሉ እናቶች አፍረው አስቀሯቸው። በር ተቆልፎባቸው ይውላሉ።»

ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ነው የጻፈው። በዚህ መሀል በሩ በርግዶ ተከፈተና ጓድ ወልደ ሰንበት ብቅ አሉ፤ ኮፍያቸው ተጣሞ፣ የራሰ በግ በገመድ እየጎተቱ።

«ጓድ ታመነ! ምነው፣ ምነው ሳይነግሩን!»

ጓድ ታመነ በጉን አየው። በጉም እሱን አየው። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄኛው ለየትኛው ድስት ነው?»

ዙቤዳ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ከዚያ ልጆቹ፣ ነገሩ ሳይገባቸው። ሊቀ መንበሩ ገመዱን እንደያዙ ቆመው ቆመው በመጨረሻ ራሳቸውም ሳቁ፤ «እንግዲህ ገመናችን ይሄው ነው ጓድ» አሉ፤ በጉንም ወደ ጓሮው መለሱት።

ለተጊዮርጊስ እስከ መኪናው ሸኘችው። የሰፈሩ ጎልማሶች መኪናውን ከጭቃው ሲገፉ፣ ጓድ ታመነ «ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም፤ ኮሚቴ አለ» አላት። ደግሞም «ከሰው ቤት ጦሜን ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

«እኔም እንግዳ ጦሙን ስሸኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለችው፣ መሬት መሬት እያየች።

ከዚያ በኋላ እሷ ላይ ያልወረደ ሐሜት የለም። እንግዳን «የለንም» ያለች ተባለች። ውሃ ለመቅዳት ስትሄድ ሴቶች ዝም ይሉ ጀመር። አንዳንዷም ፊት ለፊት «እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ትውጠኝ ነበር» አለቻት። «እኔም ለምኛት ነበር፤ አልውጥ አለችኝ» ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ይሄው ዛሬ ሹፌሩ ጮኸ። ያን ጊዜ ለተጊዮርጊስ የልጆቹን እጅ እያጠበች ነበር። ሰምታ አልተነሣችም፤ እጇ እንደራሰ ደፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ሊቀ መንበሩ እየሮጡ መጥተው ወረቀቱን አነበቡላት፤ ከግንቦት ጀምሮ ልጆቹ የበሉት ሁሉ ተተክቷል፣ ለወደፊቱም በየወሩ እየተመረመረ ይተካል። ዓወል አህዮቹን መንገድ ላይ ትቶ መጣ። «አልሐምዱሊላህ! እህቴ ከዕድሜ ልክ እስራት ተፈታች!» ሲል፣ ዙቤዳ ጭልፋውን ወረወረችበት፤ ጎንበስ ብሎ አመለጠ።

ለተጊዮርጊስ ግን ወሬውን እንኳን አላስጨረሰቻቸውም። «እናቶቹ ጋ ሰው ላኩ» አለች። «ዱቄት ሳይዙ ይምጡ በሏቸው። ባዶ እጃቸውን ይምጡ!»

እኩለ ቀን ሳይሆን መምጣት ጀመሩ። አንዱ ልጅ በአባቱ ደበሎ ተጠቅልሎ፣ አንዷ በእናቷ ጀርባ፣ ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ አንድ ቆዳ በጋራ ራሳቸው ላይ ይዘው፣ በዝናቡ ውስጥ። በውሃው ቦታ ዝም ካሏት ሴቶች አንዷ ሳትቀር ልጇን ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ስትሽኮረመም፣ ለተጊዮርጊስ ልጁን ከእጇ ተቀብላ «ግቢ፣ ምን ቆመሻል፣ ይበርደዋል!» አለቻት። ሰሌኑ አልበቃ አለና ልጆቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ዙቤዳ ዘይቱን ያለ ፍርሃት ስትጨምር ሽታው ብቻ ያጠግብ ነበር።

አሁን ቂጣው ከምጣድ እየወረደ ነው፤ ሌላ ብዙ የሚጻፍ ነበረ። ግን ልጆቻቸውን ካስቀሩት እናቶች አንዷ ሰሊሃ በማለዳ በርበሬ ልታመጣ ወደ አልዩ አምባ ወርዳለች፤ ልጇንም እንደ ሰሞኑ ቤት ቆልፋበት ነው የሄደችው። ይህን ሁሉ አልሰማችም! ይሄኔ ዳገቱን ጀምራዋለች። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ መንገድ ላይ ልድረስባት፤ ጃንጥላዬስ የት ሄደ ... ይቅር፣ እንዲሁ ልሩጥ!